አሥራ አራት ዶላር ከሃያ ሳንቲም

እኛ ዕቃ ስንገዛ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውም «ስንት ነው?» ነው፤ እሱን ግን የምንጠይቀው ሌላ ሱቅ ሄደን ነው። መርካቶን እየዞረ ያደገ ሰው አንድ ካልሲ ለመግዛት ሰባት ሱቅ ካላዳረሰ የተበላ ይመስለዋል። ይህ ጠባይ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮም አይለቅም። አሜሪካ ከመጣን በኋላ የተለወጠው ነገር ቢኖር በእግራችን እንዞር የነበረውን አሁን በጣታችን መዞራችን ብቻ ነው። ሱቅ ገብተን ዕቃውን እናገላብጣለን፣ እንለካለን፣ እናሸታለን፤ ከዚያ ስልካችንን አውጥተን ኢንተርኔት ላይ ስንት እንደሆነ እናያለን። ሻጩ እያየን!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ የዋጋ ነገር ነው። ዕቃው ግን ካልሲ አይደለም፤ ሽጉጥ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2022 ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ ነው። እሱ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለች ሱቅ የሌሊት ሺፍት ይሠራል። ከወር በፊት ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ልጆች ገብተው፣ ግንባሩ ላይ መሣሪያ ደግነው፣ በመሳቢያው የነበረውን ገንዘብ ጠራርገው ወስደዋል። ደግነቱ አልነኩትም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስበን ቤቱ ሄድን፣ «እግዜር አወጣህ» አልን፣ ቡና ጠጣን፣ ተመለስን።

በዚያ ምሽት ምክር ያልሰጠው ሰው አልነበረም። ምክሩ ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ሽጉጥ ግዛ!» የሚል። የትኛው እንደሚሻል፣ የት እንደሚሸጥ፣ ምን ዓይነት ጥይት እንደሚበላ የማያውቅ አንድም ሰው ጠፋ። «በቅሎ ግዛ ግዛ፣ አንድ አሞሌ ላያግዝ» ይሉ የለ? «ይህን ሳምንት እኔ ልተካህ፣ አንተ ተኛ» ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም።

«ጋሼ» አለኝ በስልኩ፤ «አንተ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ነህ። እስቲ ርካሹን ፈልግልኝ።»

ርካሹን! ይቺ ቃል እኔን ምን እንደምታደርገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም። አንድ ጊዜ እንኳን «ለምን ፈለግኸው?» ብዬ ሳልጠይቅ ስለ ሽጉጥ ዋጋ ሊቅ ሆኜ አደርኩ።

* * *

ቅዳሜ ዕለት አብረን አንድ የሰፈር ሱቅ ሄድን። በፀጉር ቤትና በልብስ ማጠቢያ መካከል የተሸጎጠች፣ መስኮቷ በብረት የታጠረ ጠባብ ሱቅ ናት። ባንኮኒው ጀርባ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ፈረንጅ ቆመዋል። ሦስት ሽጉጥ አወጡ። እያንዳንዱን ከመስጠታቸው በፊት ከፍተው ባዶ መሆኑን ለራሳቸው ያያሉ፣ ለእኛም ያሳያሉ። የአጎቴን ልጅ እጅ ተመለከቱና «ይህ ይበዛብሃል፣ ይህ ያንስሃል» እያሉ ሲያስረዱት አንድ ሰዓት ሞላ። በመጨረሻ ግሎክ 19 በሚባለው ላይ ተስማሙ። የተለጠፈበት ዋጋ 599 ዶላር ይላል።

«እናስብበት» ብለን ወጣን። ይህ «እናስብበት» የሚለው ቃል በየትኛውም አገር ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው። መኪናችን ውስጥ ገብተን በሩን እንኳን ሳንዘጋ ስልኬን አወጣሁ። ያው ሽጉጥ፣ ያው ቀለም፣ ኢንተርኔት ላይ 529 ዶላር!

«ሰባ ዶላር!» አልኩት። «ሽማግሌው ሊግጡን ነበር።»

እዚያው የሱቁ መኪና ማቆሚያ ላይ ሆነን፣ በእሱ ስም፣ በእሱ ካርድ ታዘዘ። ድረ ገጹ «ዕቃውን የት ልላክልዎ?» ብሎ በአካባቢው ያሉ ሱቆችን ዘረዘረልን። ቅርቡ የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? ያው አሁን የወጣንበት! እሱኑ መረጥን። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። በዚያን ቀን ግን ራሴን እንደ ብልህ ሰው ነበር የቆጠርኩት።

* * *

እዚህ ላይ ለአገር ቤት አንባቢዎቼ አንድ ነገር ላብራራ። አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ በኢንተርኔት ከነጋዴ ማዘዝ ይቻላል፤ እንደ መጽሐፍ ግን ቤትህ በር ላይ አይጣልም። የሚላከው የፌዴራል ፈቃድ ላለው ሌላ ነጋዴ ነው። አንተ እዚያ በአካል ሄደህ መታወቂያህን ታሳያለህ፣ ቅጽ ትሞላለህ፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ይደረግብሃል፤ ካለፍክ ትረከባለህ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉበትን ጠመንጃ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ያዘዘው በሐሰት ስም፣ በፖስታ ነበር፤ የከፈለውም ከነማጓጓዣው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። ሽጉጡንም እንዲሁ በ29 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ ነበር ያዘዘው። ባንኮኒ የለ፣ ፊቱን ያየ ሻጭ የለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ሕግ ወጣና በየግዛቱ ድንበር እየተሻገረ በቀጥታ ለገዢው መላክ ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬም በኢንተርኔት የምትገዛው ሽጉጥ መጨረሻው ባንኮኒ ነው። መጀመሪያ ሸሽተኸው የሄድከው ባንኮኒ ሊሆንም ይችላል፤ የእኛ እንደሆነው።

እናላችሁ፣ ዕቃው እስኪደርስ ባሉት ቀናት ያ የሰባ ዶላር ልዩነት ከየት እንደመጣ ማጣራት ጀመርኩ።

አንደኛው ምክንያት ብዛት ነው። ፋብሪካው ለአከፋፋይ ይሸጣል፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪ። ትልቁ የኢንተርኔት ነጋዴ አንዱን ሞዴል በመቶ ቤት ያዝዝና ቅናሽ ያገኛል፤ የሰፈሩ ሱቅ ሦስት ወይም አምስት ፍሬ ያነሣል። አንዳንዱ ድረ ገጽማ ጭራሽ መጋዘንም የለው! አንተ ስታዝዝ እሱ ትዕዛዝህን ለአከፋፋዩ ያስተላልፋል፤ ዕቃው ከአከፋፋዩ መጋዘን ተጭኖ ይሄዳል። የሸጠልህ ሰው ሽጉጡን በዓይኑም አላየው። የሱቅ ኪራይ የለበት፣ የመስኮት ብረት የለበት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ «ይህ ይበዛብሃል» የሚል ሰው ደመወዝ የለበት።

ሁለተኛው ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው መለያየቱ ነው። ግሎክ 19 ሲባል ሦስተኛ ትውልድ የሚሉት አለ፣ አምስተኛ ትውልድ የሚሉት አለ። ጥይት መያዣ ካዝናው ሁለት የሆነ አለ፣ ሦስት የሆነ አለ። በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። በዚያ ላይ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሮጌውን አስረክበው አዲስ ሲወስዱ የተመለሰው በርካሽ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ስሙን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው የሁለት ዓመት ጥጃን ከበሬ ጋር እንደሚያወዳድር ገበያተኛ ነው።

ሦስተኛው ነገር ደግሞ ይገርማችኋል። ብዙ ፋብሪካዎች ነጋዴው ከዚህ በታች አድርጎ ዋጋ እንዳያስተዋውቅ ወለል ያበጁለታል። አያስተዋውቅ እንጂ ከዚያ በታች መሸጥ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ድረ ገጽ «ዋጋውን ለማየት ዘንቢልዎ ውስጥ ይክተቱት» የሚላችሁ። ለዚህ ነው የሱቁም ሰው ከተለጠፈው ዋጋ በታች ሹክ ሊላችሁ የሚችለው። ግን መጠየቅ አለባችሁ። የመርካቶ ልጅ ነኝ ባዩ እኔ፣ ሽማግሌውን «ትንሽ ይቀንሱልን» አላልኳቸውም! ለስልኬ ያሳየሁትን እምነት ለሰውዬው ነፈግኳቸው።

ልዩነት የማያመጣውንም ልንገራችሁ። በሽጉጥ ላይ ፋብሪካው ወይም አስመጪው የሚከፍለው የ10 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለአዳኞች ሥልጠና ነው። ሽጉጥ የገዛ ሁሉ ሳያውቀው አጋዘን ይቀልባል ማለት ነው። ይህ ግን ሱቁም ውስጥ ድረ ገጹም ላይ ካለው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ስለሆነ አንዱን ከአንዱ አይለየውም። ከግዛት ውጭ ያለ የኢንተርኔት ነጋዴ ድሮ የነበረው ትልቁ ብልጫ የሽያጭ ታክስ አለመሰብሰቡ ነበር። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች ታክሱን እንዲያስከፍሉት ፈቀደ፤ ቨርጂኒያም በ2019 መሰብሰብ ጀመረች። ያ በር ተዘጋ።

የቀረው የርክክብ ክፍያ ነው። ከሌላ ቦታ የገዛኸውን ሽጉጥ ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ አጣርቶ የሚያስረክብህ ሱቅ ለድካሙ ያስከፍልሃል። መጠኑን የሚወስነው ራሱ ሱቁ ነው። አንዱ 20 ዶላር ይላል፣ ሌላው 50፣ ሌላው ደግሞ «እኔ ጋ ያለውን ዕቃ ከሌላ ገዝተህ ካመጣህ» ብሎ እጥፍ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ለዓመታት ይህን ሥራ ለሕዝብ የሚሠራ ፈቃድ ያለው አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሽጉጥ 125 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ2020 እሱ ሥራውን ሲያቆም የከተማዋ ፖሊስ ራሱ ርክክቡን ማካሄድ ጀመረ። እንግዲህ የዋሽንግተኑ ሰው ኢንተርኔት ላይ 70 ዶላር አተረፍኩ ቢል ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስሉት።

የእኛንም እናስላው። ከሱቁ ብንገዛ ኖሮ 599 ዶላር፣ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ 35 ዶላር ከ94፣ ለግዛቱ ፖሊስ የማጣሪያ 2 ዶላር፤ ድምር 636 ዶላር ከ94 ሳንቲም። ከኢንተርኔቱ ስንገዛ 529 ዶላር፣ ታክሱ 31 ዶላር ከ74፣ ማጓጓዣ 15፣ ለሽማግሌው የርክክብ 45፣ ያቺው የማጣሪያ 2 ዶላር፤ ድምር 622 ዶላር ከ74 ሳንቲም።

ልዩነቱ 14 ዶላር ከ20 ሳንቲም! ሰባ ዶላሯ እንደ በረዶ ሟሟች። የተመላለስንበትን ቤንዚን አልቆጠርኩም። እስከ ስምንት ሰዓት ያነጋሁትን ሌሊትም አልቆጠርኩም። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዶላር አሥራ አራት ዶላር ነው።

* * *

ዕቃው ደርሶ ተጠራን። ሽማግሌው ገና ስንገባ አወቁን። ፊታቸው ትንሽ ቅር አለው እንጂ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አድርገው ቅጹን ለአጎቴ ልጅ ሰጡት። እኔ ጥግ ይዤ በስልኬ የሽጉጥ ማኅደር ዋጋ ማየት ጀመርኩ። (ባንኮኒው ላይ የተሰቀለው 40 ዶላር፣ ኢንተርኔት ላይ 22!)

ልጁ ይሞላል፣ ይቆማል፣ ይሞላል። ሽማግሌው ቅጹን ሳይሆን ሰውየውን እያዩ ኖሯል።

«ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» አሉት።

«ብቻዬን።»

«ባለፈው ስትመጣ ባለትዳር ነኝ ያልከኝ መሰለኝ።»

«ነበርኩ።»

ከስልኬ ቀና አልኩ። ነበርኩ? ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወደ እኅቷ ዘንድ ከሄደች ሁለት ወር ሆኗታል ለካ! እኔ ዘመዱ የሰማሁት እዚያ ባንኮኒ ላይ፣ ከእንግዳ ሰው ጋር ሲነጋገር ነው።

«እንቅልፍ ትተኛለህ?» አሉት።

መልስ አልሰጠም። እስክሪብቶው እጁ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ካርቶኑን ቀስ አድርገው አነሡና ወደ ታች፣ ባንኮኒው ሥር መለሱት።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ። «በሳምንቱ ተመልሰህ ና፤ እንነጋገራለን።»

እኔ ነኝ የተናደድኩት። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ዕቃው የእሱ ነው፣ ወንጀል የለበት፣ ማጣሪያውን ቢያልፍ ምን መብት አለዎት? እያልኩ ጮህኩ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ቆዩኝና «ሕጉ አትስጥ ካለኝ አልሰጥም። ስጥ ብሎ ግን አያስገድደኝም» አሉኝ። ከዚያ ከባንኮኒው ጥግ አንዲት ትንሽ ወረቀት አንሥተው ለእሱ ሰጡት። ላይዋ ላይ 988 የሚል ቁጥር አለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ በመላው አገሪቱ የተከፈተው፣ ጭንቅ የያዘው ሰው በማንኛውም ሰዓት የሚደውልበት ስልክ ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ቆየን። እኔ የርክክቡ ነገር፣ የማጓጓዣው ነገር እያልኩ እለፈልፋለሁ።

«ጋሼ» አለኝ በመጨረሻ። «ለሌባ አልነበረም እኮ።»

ሌላ አላለም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ሞተሩን አስነሥቼ ወደ እሱ ቤት ሳይሆን ወደ እኔ ቤት ነዳሁ። ሦስት ወር ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

* * *

በኋላ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በ2009 ኒው ሃምፕሻየር በሚባለው ግዛት፣ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ገዝተው፣ እያንዳንዳቸው በገዙ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ነገሩ የሱቁን ባለቤት እንቅልፍ ነሣው። ከሐኪሞችና ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀመጠ፤ ሌሎች መሣሪያ ነጋዴዎችም ገቡበት። ሻጩ ምን ምን ምልክት ማየት እንዳለበት፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ መቼ «ዛሬ አልሸጥም» ማለት እንደሚችል የሚናገር ጽሑፍ አዘጋጅተው በየሱቁ በተኑ። ነገሩ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛመተ። ያቺ የሽማግሌው ወረቀት የዚህ ሥራ የልጅ ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

እኛ አሜሪካ በመሣሪያ የሚሞት ሰው ሲባል የሚታየን ሌባና ወሮበላ ነው። በ2021 በአገሪቱ በመሣሪያ የሞተው ሰው 48,830 ነበር። ከዚህ ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ! ያን ምሽት ቡና እየጠጣን «ግዛ ግዛ» ያልን ሰዎች አንዳችንም ይህን ሒሳብ አናውቀውም ነበር።

አሁን «ሱቅ ጥሩ ነው፣ ኢንተርኔት መጥፎ ነው» ልል እንደሆነ የጠረጠራችሁ አትጠርጥሩ። እንደዚያ ብል እዋሻለሁ። መሣሪያ ነጋዴ ጻድቅ አይደለም፤ የሚኖረው ሽጦ ነው። ፎርም አስሞልቶ፣ ፊትህን ሳያይ፣ «ቀጣይ!» የሚል የሰፈር ሱቅም ሞልቷል። ደግሞም ልብ በሉ፣ ልጃችንን ያተረፈችው ሽጉጡን ከሱቁ ስለገዛን አይደለም። የገዛነው ከኢንተርኔት ነው። ያተረፈችው ሕጉ ወደዚያች ባንኮኒ ስለመለሰንና እዚያ ላይ የሚያይ ሰው ስለተገኘ ነው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የሱቁን ዋጋ ከድረ ገጹ ዋጋ ሳነጻጽር፣ ያ 599 ዶላር ውስጥ ምን ምን እንዳለ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነበር፤ ኪራዩን፣ የመስኮቱን ብረት፣ ሱቁ እስካለ ድረስ ሊያስቀምጠው የሚገደደውን የቅጽ ክምር። ሁሉንም «ትርፍ ወጪ» ብዬ ነው የመዘገብኩት። ሰውየውንም ትርፍ ወጪ ውስጥ ነው የጻፍኩት። ድረ ገጹ የረከሰው እኮ ዋናው ነገር እሱን በመቀነሱ ነው። ሁላችንም ባንኮኒው ላይ ነክተን፣ ለክተን፣ ተምረን፣ ከሌላ የምንገዛ ከሆነ ሽማግሌው በአርባ አምስት ዶላር የርክክብ ክፍያ ስንት ዓመት ይቆማሉ? ሲዘጉስ የሚተካቸው ማን ነው? በሩብ ሰዓት አሥር ሰው የሚያስተናግድ መደብር? እሱ «እንቅልፍ ትተኛለህ?» ለማለት ጊዜ የለውም።

አያቴ ገጠር ምንሽር ሲገዙ የነበረውን አባቴ ያጫውተን ነበር። ዋጋው በበሬ ነው የተነገረው። ከዋጋው በፊት ግን ሽማግሌ ተቀምጦ «ምን ቂም አለብህ? ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?» ተብለው ተጠይቀዋል። ዋስም ጠርተዋል። አያቴ ተናድደው ነበር ይባላል። እኔም ባንኮኒው ላይ የተናደድኩት ያንኑ ንዴት ነው። ልዩነቱ፣ የአያቴን ጥያቄ የጠየቋቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው፤ የእኛን ልጅ የጠየቀው ግን ስሙን በቅጡ መጥራት የማይችል ባዕድ ነው። የሚያውቁትማ ስለ ዋጋ ሲያወሩ ነበር።

ሂሳቡን ልዝጋው። ሽጉጡ ወደ ሻጩ ተመለሰ። ድረ ገጹ 20 በመቶ ቆረጠ፤ 105 ዶላር ከ80። የመጀመሪያው ማጓጓዣ 15 ዶላር አይመለስም። መመለሻው ሌላ 35። ሽማግሌው የርክክቧን 45 ዶላር «ርክክብ አላደረግሁም» ብለው አልተቀበሉም። 14 ዶላር ከ20 ሳንቲም ለማትረፍ 155 ዶላር ከ80 ሳንቲም ከሰርን። አሁን የአጎቴ ልጅ የቀን ሺፍት ነው የሚሠራው። ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያያል። አንዳንድ ሌሊት ዛሬም እንቅልፍ እምቢ እንደሚለው ነግሮኛል፤ ስለጠየቅኩት ነው የነገረኝ።

ባለፈው ገና ለመኪናዬ የእጅ ባትሪ አስፈለገኝ። ከሽማግሌው ሱቅ ገባሁ፤ አሁንም እዚያው ቆመዋል፣ መነጽሩም በክሩ ላይ ነው። «ያ ልጅ እንዴት ነው?» አሉኝ ዕቃውን እየጠቀለሉ። «ደኅና ነው» አልኳቸው። ባትሪው 38 ዶላር ነበር። ኢንተርኔት ላይ ስንት እንደሆነ አላየሁም።